የእ.ኤ.አ. 1936 ሳንቲሞች፦ አንድ ዓመት፣ መላው ዓለም፣ ፎቶውስ እንዴት ይነሣ?

መሐለቅ (አዲስ አበባ)

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። በአገር የሚሰበስብ አለ፣ በንጉሥ የሚሰበስብ አለ፣ መርከብ ወይም ዝሆን ያለበትን ብቻ የሚለቅምም አለ። እኔ አንድ ዓመት መርጬ፣ ያን ዓመት የያዘውን ሳንቲም ከየአገሩ ለማሰባሰብ ተነሥቻለሁ። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1936 ነው። በእኛ አቆጣጠር የ1928 ዓ.ም. አብዛኛው ክፍልና የ1929 የመጀመሪያዎቹ ወራት መሆኑ ነው።

ዓመቱን በዕጣ አልመረጥሁትም። በጃንዋሪ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ሞተ፤ ልጁ ኤድዋርድ ስምንተኛ ነገሠ፤ በዲሴምበር ደግሞ ዙፋኑን ለቅቆ ለወንድሙ ለጆርጅ ስድስተኛ አስረከበ። የማይጨው ጦርነት የተደረገው፣ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው፣ ጃንሆይ በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት የቆሙት በዚሁ ዓመት ነው። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነቱ ተጀመረ። ይህ ሁሉ ሲሆን የየአገሩ የገንዘብ መቅረጫ ሥራውን አላቋረጠም።

ወጪውም የሚያስፈራ አይደለም። ወርቅ ውስጥ ካልገቡ በስተቀር የ1936 ሳንቲም አብዛኛው መዳብ፣ ነሐስና ኒኬል ነው፤ ድሃ ኪስ ውስጥ የከረመ፣ ብዙ እጅ ያለፈበት ገንዘብ ነው። እስካሁን ከያዝኋቸው የምወዳቸውን ልጥቀስ፦ የሕንድ ሩብ አና ከጆርጅ አምስተኛ ምስል ጋር፣ ጎሽ ያለበት የአሜሪካ አምስት ሳንቲም፣ መሃሉ የተበሳ የጃፓን 10 ሴን፣ ሱን ያት ሴን ያለበት የቻይና 20 ፌን፣ ባለ ሸራ መርከብ ያለበት የፖላንድ 2 ዝሎቲ፣ የጣሊያን 5 ሊሬ፣ እንዲሁም የኤድዋርድ ስምንተኛ ስም የተጻፈበት የምሥራቅ አፍሪካ 10 ሳንቲም።

የጃፓኑና የቻይናው ላይ 1936 የሚል ቁጥር የለም። ጃፓኑ ሸዋ 11 (የንጉሠ ነገሥቱ የሂሮሂቶ ዘመን 11ኛ ዓመት) ይላል፤ የሚነበበውም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ቻይናው የሪፐብሊኩ 25ኛ ዓመት ይላል። ሁለቱም ሲመነዘሩ 1936 ይሆናሉ፤ ስለዚህ አስገብቻቸዋለሁ። ሕጌ ይኸው ነው፦ ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ዓመት ወደ አውሮፓውያኑ ሲመነዘር 1936 መምጣት አለበት።

ያስቸገረኝ ፎቶው ነው። ሁሉንም በአንድ ሰሌዳ ጎን ለጎን ማቅረብ እፈልጋለሁ። ነገር ግን መዳቡ ሰማያዊ ነገር ይቀባል፣ የጣሊያኑ ብር ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፣ የተበሱት ደግሞ ቀዳዳቸው ውስጥ ጥቁር ጥላ ይዘው ይወጣሉ። የማነሣው በስልክ ነው፤ መስኮት አጠገብ፣ የጠረጴዛ መብራት አብርቼ። ምን ይሻለኛል?

---

ብርሃንና ጥላ (አዲስ አበባ)

መሐለቅ ወንድሜ፣ ችግሩን ራስህ ነግረኸናል፤ መስኮትና የጠረጴዛ መብራት አብረው አይሠሩም። የመስኮቱ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የአምፖሉ ወደ ቢጫ፤ ሳንቲሙ አንዱ ጉንጩ ቢጫ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል። መጋረጃውን ዝጋና በአንድ ዓይነት አምፖል ብቻ አንሣ። ሁለት ተመሳሳይ ነጭ የኤልኢዲ አምፖሎች ይበቁሃል።

ሁለተኛው፣ ስልኩ ቀለሙን በራሱ እንዲመርጥ አትፍቀድለት። ቀይ መዳብ ምስሉን ሲሞላው ስልኩ «መብራቱ ቀልቷል» ብሎ ያስብና ቀዩን ለማጥፋት ሰማያዊ ይጨምራል። መዳብህ የሰማየው ለዚህ ነው። አንድ ግራጫ ካርቶን ግዛ፤ በዚያ ላይ የብርሃኑን ቀለም አስተካክልና ቆልፈው። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው እስኪያልቅ አትንካው። የብርሃኑን መጠን ግን እንደ ብረቱ ለውጥ፤ የጠቆረ ነሐስ ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፣ ብር ትንሽ ይበቃዋል። ብሩ ላይ አንድ ነጥብ እንኳ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ያ ቦታ ጠፍቷል፤ በኋላ በኮምፒውተር አይመለስም። ስለዚህ ጠቆር አድርገህ አንሣና በኋላ በኮምፒውተር ብርሃን ጨምርለት።

ሦስተኛው ቀዳዳው ነው። ሳንቲሙን ወረቀት ላይ አታስቀምጠው። ከግራጫው ካርቶን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ የቆመ ንጹሕ መስታወት ላይ አድርገው፤ በአራት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች ልታቆመው ትችላለህ። ጥላው ከሳንቲሙ ርቆ ይወድቃል፣ በቀዳዳውም የሚታየው ለስላሳ ግራጫ ብቻ ይሆናል። የተበሳውም ያልተበሳውም አንድ መልክ ይይዛሉ።

የመብራቱ አቀማመጥ፦ ሳንቲሙን እንደ ሰዓት ገጽ ካየኸው ቁጥር 10 እና ቁጥር 2 ባሉበት፣ ከፍ አድርገህ። መብራቱ ፊት ስስ ነጭ ወረቀት ጋርድ። በጣም ላለቀ ሳንቲም ግን አንዱን አጥፋና ሌላውን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አድርገው። ብርሃኑ ገጹን እየላሰ ሲያልፍ በዓይን የማይነበበው ፊደል ብቅ ይላል። የምሥራቅ አፍሪካው ነሐስ ይህን ይፈልግ ይሆናል።

ስልኩን አታስጠጋው። ራቅ አድርገህ ሁለት እጥፍ አቅርበህ አንሣ፤ ሲጠጋ ራሱ ጥላ ይጥላል፣ ክቡንም ያጣምመዋል። በእጅህ አትያዘው፤ ማቆሚያ ላይ አስረህ በሁለት ሴኮንድ ሰዓት ቆጣሪ አንሣ። ቀጥ ማለቱን ለማረጋገጥ ሳንቲሙ በሚቀመጥበት ቦታ ትንሽ የፊት መስታወት አድርግ፤ የሌንሱ ምስል በመስታወቱ ውስጥ ከስክሪኑ መሃል ላይ ካረፈ ቀጥ ብሏል። ፈቀቅ ካለ ዘንበል ብለሃል፤ ሳንቲምህም እንቁላል ይሆናል።

---

ቤሳ የሌለው (ሐዋሳ)

እኔ ለዚህ ነገር አዲስ ነኝ። አያቴ ሳጥን ውስጥ አንድ ከረጢት ሳንቲም አግኝቻለሁ። አንበሳው ዘውድ ደፍቷል፣ በሌላው ገጽ ጃንሆይ አሉ፣ ዓመቱ ፲፱፻፴፮ ይላል። ይህ 1936 ማለት አይደለም እንዴ? መሐለቅ ከሩቅ አገር ሲፈልግ በእጁ ያለውን ረስቷል? ሁለተኛ ጥያቄ፦ ጠቁረዋል፤ በሎሚና በአመድ ልሻቸው?

---

የሲልቨር ስፕሪንጉ (ሜሪላንድ)

ሎሚውን ለሻይ አድርገው! አመዱንም እዚያው ምድጃው ውስጥ ተወው። ሎሚ አሲድ ነው፣ መዳቡን ይበላዋል፤ አመድ ደግሞ ይፍቀዋል። የሚወጣው ብርቱካናማ ብልጭታ አዲስ ሳንቲም አይመስልም፣ የተላጠ ሳንቲም ነው የሚመስለው፤ የሰበሰበ ሰው በሩቁ ያውቀዋል። ጥቁሩ ቀለም ለመዳቡ መከላከያ ሽፋን ነው። አቧራ ካለበት በንጹሕ ውኃ አለቅልቀህ፣ ሳትፈትግ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርቀው። ከረጢቱ የሚያጣብቅ ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ አውጣቸው፤ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ሲያረጅ አረንጓዴ ቅባት ያወጣና መዳቡን ይበላዋል።

ፎቶ የሚያነሣ ሰው የታጠበ ሳንቲምን በቶሎ ይለያል። መብራቱን ስታዞረው ጤነኛው ሳንቲም ላይ ብርሃኑ አብሮ ይዞራል፤ የተፈተገው ላይ ግን በአንድ አቅጣጫ የሄዱ ጭረቶች ብቻ ይበራሉ።

---

መሐለቅ

ብርሃንና ጥላ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መጋረጃውን ዘግቻለሁ፣ መስታወቱን በብርጭቆ አቁሜአለሁ። የምሥራቅ አፍሪካው በዝቅተኛ ብርሃን ሲነሣ ከቀዳዳው ዙሪያ ያሉት የዝሆን ጥርሶች ከነጉብጠታቸው ተነሡ፤ ቀድሞ ጠፍጣፋ ጭረት ነበር የሚመስሉት። የመቅረጫው ፊደልም ተነበበ።

ቤሳ የሌለው ወንድሜ፣ ያንተ ፲፱፻፴፮ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1943 እስከ ሴፕቴምበር 1944 ያለው ዓመት መሆኑ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አዲሱ ገንዘብ ሲዘጋጅ የተሠራ ነው፤ መጀመሪያ የተቀረጸውም በአሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ነው። ገንዘቡ በይፋ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። የውጭ ሻጮች ዓመቱን ሳይመነዝሩ «1936 ኢትዮጵያ» ብለው ይለጥፉታል፤ በአንድ ዓመት የሚሰበስብ ፈረንጅም ሳያጣራ ገዝቶ አልበሙ ውስጥ ይከተዋል። በእኔ ሰሌዳ ላይ ግን ቦታ የለውም። አንተ ግን ጠብቃቸው። ከመዳቦቹ መካከል 25 ሳንቲም ካለ ጠርዙን እይ፤ መጀመሪያ የወጣው ክብ ነው፤ መጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ይምታታ ስለነበር በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ተሸንሽኗል። ክቡን ካገኘህ ለብቻው አስቀምጠው።

---

ጠገራ (ድሬዳዋ)

መሐለቅ ልጄ፣ ሥራህን ወድጄዋለሁ። ሕግህን ግን ልጠይቅህ ነው።

ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ ጊዜ የሐረር ባላገር በሬውን ሸጦ በምን ተቀበለ? በሊሬ? ሊሬ ቢሰጡት ይመልስ ነበር። የሚያውቀው ጠገራ ብርን ነው፤ መዝኖ፣ አንኳኩቶ፣ የኦስትሪያዋን ንግሥት የማሪያ ቴሬዛን ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ነጠብጣብ ቆጥሮ የሚቀበለውን። ጠገራው ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት። ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው፤ ዓመቱ ቢለወጥበት የእኛ ሰው አይቀበለውም ነበርና።

ሙሶሊኒም ይህን ያውቅ ነበር። ለወረራው ሲዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የጠገራውን ማተሚያ ከቪየና ተረክቦ ሮም ውስጥ ያስመታው ጀመር። ጠገራ የሚፈልጉት የእንግሊዝ ነጋዴዎች ደግሞ ምንጩ ሮም እጅ ስለገባባቸው በ1936 የለንደኑ መቅረጫ መምታት ጀመረ። እንግዲህ አስበው፤ በ1936 ለንደን ውስጥ ከማሽን የወጣ፣ በዚያው ዓመት ቀይ ባሕርን የተሻገረ ብር አለ። ያንተ ሕግ «1780 ነህ» ብሎ ይመልሰዋል። ሳንቲሙ ስለ ዓመቱ ይዋሻል፤ አንተ ደግሞ የሚያምነው ሆነህ ተገኘህ።

---

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ጋሼ ጠገራ በነገሩ ውስጥ እሳት ለኮሱበት። እኔም ማገዶ ልጨምር።

የካናዳን ነገር ታውቃላችሁ? ኤድዋርድ በዲሴምበር ዙፋኑን ሲለቅ፣ ለእርሱ ሲዘጋጅ የነበረው የ1937 ቅርጽ ሁሉ ከንቱ ሆነ። የጆርጅ ስድስተኛው እስኪደርስ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ገበያው ደግሞ ሳንቲም ይፈልጋል። ስለዚህ በኦታዋ የ1936ቱን የጆርጅ አምስተኛ ቅርጽ ወስደው ከዓመቱ ሥር አንዲት ነጥብ ጨምረው በ1937 መቱበት። ንጉሡ ከሞተ ዓመት ያለፈው፣ ዓመቱ ያለፈበት፣ በሌላ ንጉሥ ዘመን የተመታ። ባለ ነጥቡ 1 ሳንቲምና 10 ሳንቲም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሚደረስበት 25 ሳንቲሙ ነው። በመሐለቅ ሕግ ይህ 1937 የተሠራ ሳንቲም ይገባል፣ በ1936 የተሠራው የጋሼ ጠገራ ብር አይገባም።

በነገራችን ላይ ለጀማሪ ከ1936 የአሜሪካ የሚቀል የለም። የሊንከን አንድ ሳንቲም፣ የጎሹ አምስት ሳንቲም፣ ክንፍ ያለው ቆብ ያደረገችው የብር 10 ሳንቲም፤ ሁሉም እዚህ በሳንቲም ሱቅ የቅንጥብጣቢ ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። ግማሽ ዶላሩ ግን ወጥመድ ነው። በዚያ ዓመት ለየከተማውና ለየበዓሉ መታሰቢያ ግማሽ ዶላር እየተባለ ከሃያ በላይ ዓይነት ወጥቷል፤ ሁሉንም ልያዝ ያለ ሰው ቤቱን ይሸጣል። እኔ ለሰሌዳው የምመክረው ወደ ፀሐይ የምትራመድ ሴት ያለባትን መደበኛዋን ብቻ ነው።

---

ሮማዊት (ሮም)

የኔ ተራ። ስለ ጣሊያኑ ገንዘብ መሐለቅ በግማሽ መስመር ማለፉ ገርሞኛል፤ የዓመቱ ትልቁ ወሬ እዚያ ላይ ነው የተጻፈው።

እስከ 1935 ባለው ገንዘብ ላይ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሦስተኛ ንጉሥ ብቻ ነው። ከሜይ 9 ቀን 1936 አዋጅ በኋላ በወጣው ሙሉ ረድፍ ላይ ግን «ንጉሥና ንጉሠ ነገሥት» ሆኗል። የየትኛው አገር ንጉሠ ነገሥት እንደሆነ ሳንቲሙ አይናገርም፤ መናገርም አያስፈልገውም ነበር። ከ1936 ጎን በሮማውያን ቁጥር 14 የሚል አለ፤ ይህ የፋሺስቱ አቆጣጠር ነው። ቅርጹ ሁሉ የጁዜፔ ሮማኞሊ ሥራ ነው። 5 ሊሬው ላይ ልጆቿን የያዘች እናት፣ 10 ሊሬው ላይ መርከብ አፍንጫ ላይ የቆመች ሴት፣ 20 ሊሬው ላይ በአራት ፈረስ የሚጎተት ሠረገላ። እጅ ጥበቡን መካድ አይቻልም። እኔ 5 ሊሬውን ባየሁ ቁጥር ልጆች ያቀፈችውን እናት በዚያው ዓመት በእኛ ላይ ከዘነበው የመርዝ ጋዝ ጋር አንድ ላይ ማሰብ ግድ ይለኛል፤ ስለዚህ ሥነ ጥበብ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ከመግዛታችሁ በፊት፦ 5 ሊሬው በቀላሉ ይገኛል። 20 ሊሬው ውድ ነው፣ ሐሰተኛውም ብዙ ነው። ከትንንሾቹ ኒኬሎች መካከል የ1936 የሆነው በቁጥር ጥቂት ነው። በእሑድ ገበያ፣ በፖርታ ፖርቴዜ፣ የሙሶሊኒ ራስ ያለበት «የብር 20 ሊሬ» ይዞ የሚቀርባችሁ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ገንዘብ ጣሊያን አውጥታ አታውቅም፤ ሙሶሊኒ በመገበያያ ሳንቲም ላይ አልተቀረጸም። የቱሪስት ማጥመጃ ነው፤ መሐለቅ ለዚህ አንድ ሳንቲም እንዳታወጣ።

ለብርሃንና ጥላ ጥያቄ አለኝ። ኒኬሉ 1 ሊሬ በሁለቱ መብራቶች ሲነሣ የሌንሱን ጥቁር ምስል ራሱ ላይ ያሳያል። እንደ መስታወት ነው የሚያበራው። እንዴት ላድርገው?

---

ብርሃንና ጥላ

እህቴ፣ ላልተነካ ኒኬል ብርሃኑ ከጎን ሳይሆን ከሌንሱ አቅጣጫ መምጣት አለበት። በሌንሱና በሳንቲሙ መካከል ንጹሕ የመስኮት መስታወት በ45 ዲግሪ አዘንብለሽ አቁሚ። አንድ መብራት ብቻ ከጎን በመስታወቱ ላይ አብሪ። ከብርሃኑ የተወሰነው ወደ ታች ተመልሶ በሳንቲሙ ላይ ቀጥ ብሎ ያርፋል፤ ሌንሱ ደግሞ በዚያው መስታወት አሳልፎ ያያል። ሜዳው (ምስል የሌለበት ለስላሳው ገጽ) ሁሉ ይበራል፣ የተቀረጸው ምስል ጥቁር መስመር ይዞ ይወጣል። ከመብራቱ ትይዩ ባለው በኩል ጥቁር ካርቶን አድርጊ፤ አለዚያ የግድግዳው ነጸብራቅ ይገባብሻል። መስታወቱ ስስ ይሁን፤ ወፍራም ከሆነ ምስሉን ሁለት ያደርገዋል።

ያለቀ ሳንቲም ግን በዚህ ዘዴ አታንሺ። ጭረቱ ሁሉ ጎልቶ ይወጣና በሽተኛ ያስመስለዋል።

አንድ ነገር ለሁሉም፦ በአንድ ሰሌዳ የሚቀርቡ ሳንቲሞች በተመሳሳይ ርቀት ይነሡ። እያንዳንዱን አስጠግታችሁ ስክሪኑን ከሞላችሁት ከአዝራር የማይበልጠው የአሜሪካ 10 ሳንቲም ከምሥራቅ አፍሪካው 10 ሳንቲም ጋር እኩል ሆኖ ይታያል፤ የምሥራቅ አፍሪካው ግን ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ስፋት አለው። መጠኑ ራሱ ታሪክ ነው፤ አትደብቁት።

---

ከናይሮቢ (ናይሮቢ)

ስለ ኤድዋርድ ሳንቲም ዝም ማለት አልቻልሁም። እዚህ በየገበያው የሚዞር ነገር ነው።

ንጉሡ አንድ ዓመት እንኳ ስላልቆየ ምስሉ ያለበት መገበያያ ገንዘብ በእንግሊዝ ሳይወጣ ቀረ። ስሙ ያለበት ግን ወጣ፤ መሃላቸው የተበሱ፣ ፊት የማያስፈልጋቸው የቅኝ ግዛት ሳንቲሞች ላይ። ምሥራቅ አፍሪካ፣ እንግሊዝ ምዕራብ አፍሪካ፣ ፊጂና ኒው ጊኒ። የሎንዶን ሰው በኪሱ ያልያዘውን ንጉሥ የኪሱሙ ዓሣ ሻጭ ይዞት ነበር። ለዚህ ነው ፈረንጆቹ የሚፈልጉት፤ ዋጋው ግን አሁንም ርካሽ ነው።

መሐለቅ «ፊደል ተነበበ» ያልኸው የትኛው ነው? 5 ሳንቲሙም 10 ሳንቲሙም በሦስት ዓይነት ይመጣል። «ኤች» ያለበት በርሚንግሃም ከነበረው የሂተን ፋብሪካ ነው፤ «ኬ.ኤን.» ያለበት እዚያው በርሚንግሃም ከኪንግስ ኖርተን፤ ምንም ፊደል የሌለው ከለንደኑ ንጉሣዊ መቅረጫ። ሦስቱን በሁለቱ መጠን ከያዝህ ስድስት ይሆናሉ። ሰሌዳህ ላይ አንድ ብቻ ማድረግህ ንፉግነት ነው።

ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም ደግሞ። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ አዲሱ ብር እስኪወጣ ድረስ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አዲስ አበባ ውስጥ ሕጋዊ መገበያያ ነበር። አያት ቤት ሳጥን ውስጥ የተበሳ ነሐስ የሚገኘው ከዚያ ጊዜ የተረፈ ቢሆን አይገርምም። ቤሳ የሌለው፣ ከረጢትህን እንደገና ፈትሽ።

---

ቤሳ የሌለው

ፈተሽሁ። የተበሳ አንድ አለ። በጣም ጠቁሯል፣ ዝሆን ጥርሱ ይታያል። ዓመቱ 1942 ይላል መሰለኝ። ክቡን 25 ሳንቲም አላገኘሁም፤ ሁሉም የተሸነሸኑ ናቸው። ሎሚውን ትቻለሁ።

---

ከናይሮቢ

1942 ከሆነ ንጉሡ ጆርጅ ስድስተኛ ነው። ያው በጦርነቱ ጊዜ የመጣ ይሆናል። ጠብቀው።

---

መሐለቅ

የኔ ፊደል «ኤች» ነው። ስለዚህ አምስት ይቀሩኛል ማለት ነው፤ ንፉግነቱን አምኛለሁ።

አሁን ወደ ጋሼ ጠገራ ክርክር። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው፤ በዚያ ዓመት በአገራችን ገበያ የሠራው ገንዘብ ጠገራው ነው። ሕጌን ግን አልለቅም። ምክንያቴን ልንገርዎ። የተቀረጸበትን ትክክለኛ ዓመት ልከተል ብል ስንቱን አውቃለሁ? መቅረጫዎች የአምናውን ቅርጽ እስኪሰበር ይመቱበታል፤ የእኛው ፲፱፻፴፮ እንኳ ያንኑ ዓመት ይዞ ለብዙ ዓመታት ተመትቷል፣ የደርጉም ፲፱፻፷፱ እንዲሁ። አንዱን ከረጢት ውስጥ ካለው ከሌላው በምን እለየዋለሁ? እኔ የምሰበስበው መንግሥታት በዚያ ዓመት ስም ምን ብለው እንደተናገሩ ነው። ካናዳ በ1937 ቆማ «1936» ብላ ተናገረች፤ ትግባ። ጠገራው በ1936 ለንደን ቆሞ «1780» አለ፤ እርሱን የሚሰበስብ ሌላ ሰው ይኑር።

በዚህ ሕግ ኢትዮጵያ በሰሌዳዬ ላይ የለችም። ከ፲፱፻፳፫ቱ ማቶና (የያኔው ዝርዝር ገንዘብ) ወዲያ እስከ ፲፱፻፴፮ቱ ሳንቲም ድረስ ለመገበያያ የወጣ፣ ዓመተ ምሕረቱን የያዘ የራሳችን ሳንቲም የለም። ፲፱፻፳፰ የሚል ሳንቲም የለም። ለምን እንደሌለ ለሚጠይቅ ሰው የሮማዊትን 5 ሊሬ ገልብጬ «ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን አሳየዋለሁ። ጠገራውን እዚያ ቦታ ባስገባው ግን ጥያቄውን ማንም አይጠይቀኝም፤ ሰሌዳው ሞላ ብሎ ያልፋል።

---

ጠገራ

ይህኛው መልስ ነው። ጠበቃ ብትሆን ይሻልህ ነበር።

ግን አልተሸነፍሁም። ባዶ ቦታ የሚያየው ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ፎቶህን የሚያይ የፖላንድ ወይም የብራዚል ሰው ኢትዮጵያ መቅረቷን አያስተውልም፤ ያልጠየቀውን ጥያቄ እንዴት ይጠይቃል? ጠገራውን ከሰሌዳው ውጭ፣ በግርጌ፣ በተመሳሳይ ብርሃንና ርቀት አንሥተህ አድርገው። ሥሩ ሁለት መስመር ጻፍ፤ «በዚህ ዓመት አዲስ አበባ ላይ የተገበያየንበት ይህ ነው፤ ዓመቱን ግን አይናገርም» በል። ሕግህ አይነካም።

የእኔን ልልክልህ እችላለሁ፤ ፎቶውን እንጂ ብሩን አይደለም። የቀለበት ማንጠልጠያ ያልተበየደበት፣ ያልተበሳ፣ ንጹሕ ነው። እናቶቻችን አንገት ላይ የዋለ ጠገራ ሁሉ ጆሮ ተበይዶበታልና ንጹሕ ማግኘት ቀላል እንዳይመስልህ።

---

አወያይ

ማስታወሻ ብቻ። በዚህ ክር ውስጥ ዋጋ ጠርታችሁ አትሻሻጡ፤ ለዚያ የተለየ ክፍል አለ። ጥንታዊ ዕቃ ከኢትዮጵያ ማውጣት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ እንደሚጠይቅም ውጭ ያላችሁ አትርሱ። ክርክሩ ይቀጥል፤ ጥሩ ይዛችኋል።

---

ብርሃንና ጥላ

ጋሼ ጠገራ፣ ፎቶውን ሲያነሡ ጠርዙን አይርሱ። ፊትና ጀርባውን ሁሉም ያነሣል፤ የጠገራው ወሬ ግን ጠርዙ ላይም አለ። በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ጽሑፍ ዙሪያውን ተቀርጿል፤ በፊደሉ መካከልም ጌጣጌጥ አለ። ሐሰተኛ ጠገራዎች ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት እዚያ ነው፤ በሁለት ቅርጽ ቀልጦ የፈሰሰ ከሆነ ጠርዙ መሃል ላይ የመገጣጠሚያ መስመር ይታያል።

አነሣሡ እንዲህ ነው። ሳንቲሙን በጠርዙ ለማቆም ትንሽ የልጆች ጭቃ ይጠቀሙ፤ ጭቃው ጠርዙን እንጂ ገጹን አይንካ። መብራቱ ከላይ አንድ ብቻ ይሁን። አንድ ያነሣሉ፣ ጥቂት ያዞራሉ፣ ሌላ ያነሣሉ፤ ዙሩ እስኪያልቅ። እኔ በኮምፒውተር አገጣጥሜ አንድ ረጅም መስመር አደርግልዎታለሁ።

---

ጠገራ

የልጅ ልጄ ጭቃ አላት፤ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌላት ካሜራውንም እርሷ ትይዛለች። አነሣዋለሁ።

---

መሐለቅ

እሺ ጋሼ፣ በግርጌው ተስማምቻለሁ። ሁለቱ መስመር እርስዎ የጻፉት ይሁን፤ አልቀይረውም።

ከቀሩኝ መካከል አጥብቄ የምፈልጋቸው፦ የምሥራቅ አፍሪካ አምስቱ፣ ባለ ነጥቡ የካናዳ 25 ሳንቲም፣ የጀርመን 5 ማርክ ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ከሂንደንቡርግ ምስል ጋር በሁለቱም ዓይነት (በዚያው በ1936 አንዱ ያለ ስዋስቲካ ሌላው ከነስዋስቲካው ወጥቷል፤ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው የምፈልገው)፣ የሊትዌንያ 10 ሊታይ፣ የሙዚቃ ደራሲው የሊስት ምስል ያለበት የሃንጋሪ 2 ፔንጎ። ትርፍ ያለው ቢኖር በለውጥ ልንነጋገር እንችላለን። የሕንድ ሩብ አና እና የቻይና 20 ፌን ደግመው አሉኝ።

---

ከናይሮቢ

«ኬ.ኤን.» 10 ሳንቲም ሁለት አለኝ፤ አንዱ የተሻለ ነው፣ እርሱን ለእኔ። የለንደኑ 5 ሳንቲምም አለ። 20 ፌኑን እፈልገዋለሁ፤ በዝቅተኛ ብርሃን የተነሣ የሁለቱን ገጽ ፎቶ በግል መልእክት ላክልኝ፣ የታጠበ እንዳይሆን ማየት አለብኝ።